የአሮጌው የፊውዝ ሣጥንና የምድር ቤቱ ክፍል



የትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል በተከበረበት ቀን ከቅርብም ከሩቅም የመጡ እንግዶቻችን ግቢውን ሲጎበኙ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤት የሚያደርሰውን ደረጃ ወርደው ነበር። በዚያም አዲስ ቀለም የተቀባ በር አገኙ፤ በሩ ግን ተቈልፎ ነበር። በውስጡ የቀድሞ ተማሪዎች አዋጥተው የላኩልን 20 ኮምፒውተሮች በተራ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን አንዱም አልበራም። ከእንግዶቹ አንዱ «60 ዓመት ሙሉ መብራት የነበረው ቤት አንድ ክፍል ማብራት እንዴት አቃተው?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ገንዘባቸውን አውጥተው ዕቃውን የላኩልን ሰዎች በዚያ ቀን ቅር ብሏቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚፈጸም አይደለም፤ ታሪክ አለውና። ስለዚህ ለዚህ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ነገሥታት መጻፉን ትቼ በምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለ ኖረው አንድ የብረት ሣጥን ልጽፍ መረጥሁ። በነገሩ ውስጥ የራሴም ድርሻ ስላለበት፣ እርሱንም በስፍራው ሳልደብቅ እናገራለሁ። አንባቢ የዘመኑ አቈጣጠር እንዳይደባለቅበት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈውን ሁሉ እ. ኤ. አ. በማለት ለይቼዋለሁ።

የፊውዝ አጀማመር

እ. ኤ. አ. በ1841 ጄምስ ጁል የተባለ እንግሊዛዊ፣ የቢራ ጠማቂ ልጅ፣ ኮረንቲ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ምን ያህል እንደሚሞቅ መርምሮ ያገኘውን ሕግ አሳተመ። ሕጉም እንዲህ የሚል ነው፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ። ኮረንቲው ሦስት እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። እኛ ይህን ሕግ ለፈተና ብለን በቃላችን አጥንተነዋል፤ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ውስጥ ሌሊትና ቀን ሲሠራ መኖሩን ግን ያሰበው ከመካከላችን ማንም አልነበረም።

እ. ኤ. አ. በ1847 ደግሞ ሉዊ ብረጌ የተባለ ፈረንሳዊ የቴሌግራፍ ጣቢያዎችን ከመብረቅ ለማዳን፣ ከዋናው ሽቦ የቀጠነ ሽቦ በመካከል እንዲገባ መከረ። መብረቅ ሲወርድ ቀጭኑ ሽቦ ቀልጦ ይበጠሳል፤ መሣሪያውና ሠራተኛው ግን ይተርፋሉ። የፊውዝ ሐሳብ ከዚህ የተለየ አይደለም። ፊውዝ ማለት ሌላው ሁሉ እንዳይጎዳ ሆን ተብሎ ደካማ ሆኖ የተሠራ ስፍራ ማለት ነው።

እ. ኤ. አ. መስከረም 4 ቀን 1882 ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ ከተማ በፐርል ስትሪት ያቋቋመው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራውን ሲጀምር፣ ያበራቸው አምፑሎች 400 ያህል ነበሩ። ኤዲሰንም በመስመሮቹ ላይ ፈጥኖ የሚቀልጥ የእርሳስ ቁራጭ አግብቶባቸው ነበር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የቴሌግራፍና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ከኤሌክትሪክ መብራት የሚመጣውን የእሳት አደጋ ለመከላከል ደንብ አወጣ። አሜሪካኖችም እ. ኤ. አ. በ1897 የአገራቸውን የኤሌክትሪክ ደንብ አሳተሙ። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ብርሃንና የእሳት ጥንቃቄ በአንድ ዘመን የተወለዱ መንታዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ፊውዝ አንድ ጉድለት ነበረው፤ አንድ ጊዜ ከቀለጠ በሌላ መተካት አለበት። ይህን ጉድለት ለማስቀረት እ. ኤ. አ. በ1924 በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ ሁጎ ሽቶትስ ለትንሹ ብሬከር የፈጠራ መብት አገኘ። ብሬከር ኮረንቲው ከመጠን ሲያልፍ ሳይቀልጥ በራሱ ይጠፋል፤ ጥፋቱ ከታረመ በኋላም በእጅ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ብሬከሮች በፊውዙ ስፍራ ተጠምዝዘው እንዲገቡ ሆነው የተሠሩ ነበሩ።

መሣሪያው እንዲህ እየተሻሻለ ሲሄድ የሰው ጠባይ ግን አብሮ አልተሻሻለም። በአሜሪካ እ. ኤ. አ. ከ1950 በፊት ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ 30 አምፔር ብቻ የሚቀበሉ ነበሩ፤ ቀጥሎም ባለ 60 አምፔር የፊውዝ ሣጥን የተለመደ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የልብስ ማጠቢያው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውና ቤት ማቀዝቀዣው በየቤቱ ሲገባ አሮጌው ሣጥን አልበቃ አለ። በተለይ ሰዎቹ ምድር ቤታቸውን የሥራ ክፍል ለማድረግ ሲነሡ፣ ሣጥኑ ብዙውን ጊዜ በዚያው በምድር ቤት ስለሚገኝ፣ ከአጠገቡ አንድ ሽቦ መሳብ ቀላል መስሎ ታያቸው። የ15፣ የ20ና የ30 አምፔር ፊውዞች የሚጠመዘዙበት ጥርስ አንድ ዓይነት ስለ ነበረ፣ 15 ሲቃጠልባቸው 30 ይተኩበት ነበር። አንዳንዶቹም ከፊውዙ በስተኋላ የመዳብ ሳንቲም እስከ መሸጎጥ ደረሱ። መብራቱ ወዲያው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚቀልጠው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ትልቁ ፊውዝ በትንሹ ስፍራ እንዳይገባ ለየመጠኑ የተለየ መግቢያ ያለው ፊውዝ ተሠራ። ዛሬ በዚያ አገር ደንብ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ዋና መስመር ከ100 አምፔር እንዳያንስ ታዟል።

ይህን ስናነብ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ልንል እንችላለን። ነገር ግን ጥቂት ታገሡ፤ ታሪኩ ወደ እኛም ግቢ ይመጣል።

መብራት በአገራችን

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የበራው እ. ኤ. አ. በ1898 በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጀነሬተር ነው። እ. ኤ. አ. በ1912 በአቃቂ ወንዝ ላይ ለትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል የሚሰጥ የውሃ ጣቢያ ተሠራ። ቀስ በቀስም መብራቱ በቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ ወዳሉት መንገዶችና ሕዝብ ወደሚገለገልባቸው ስፍራዎች ተዘረጋ። ኋላም በዚሁ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ተሠርቶ ለአዲስ አበባ 6 ሜጋ ዋት ያህል መስጠት ጀመረ። ከጠላት ወረራ በኋላ እ. ኤ. አ. በ1948 የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ተቋቋመ፤ እ. ኤ. አ. በ1956 ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተመሠረተ።

ይህን ስም ልብ በሉልኝ። በስሙ ውስጥ «መብራት» ይቀድማል፤ «ኃይል» ይከተላል። ሕዝቡም መሥሪያ ቤቱን አሳጥሮ «መብራት ኃይል» ይለው ነበር። ዛሬም ቢሆን ኮረንቲ ሲቋረጥ የምንለው «መብራት ጠፋ» ነው እንጂ «ኃይል ጠፋ» አይደለም። ወፍጮው ቢቆም፣ ምጣዱ ቢቀዘቅዝ፣ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ፣ ለሁሉም አንድ ቃል አለን፤ መብራት። ይህ የቋንቋችን ልማድ በአያቶቻችን ዘንድ ኤሌክትሪክ ከሁሉ በፊት ማታ ማታ የሚበራ አምፑል እንደ ነበረ ያስረዳናል። በዚያ ዘመን ቤት የሠራ ሰው ሽቦ ሲያዘረጋ የሚቈጥረው አምፑል ነበር።

በ1952 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. በ1960) በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ግድቡ የተሠራው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ሲሆን ኃይሉ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር። ትምህርት ቤታችን በሩን የከፈተው ከዚህ ከ6 ዓመት በኋላ በ1958 ዓ. ም. ነው። ስለዚህ የብረት ሣጥናችን የቆቃ ዘመን ልጅ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ለመዘርዘር ገጹ አይበቃም። እ. ኤ. አ. በ1973 ፊንጫ፣ በ1988 መልካ ዋከና፣ በ2010 ጣና በለስ፣ ቀጥሎም 1,870 ሜጋ ዋት ያለው ግልገል ጊቤ 3 ተጨመሩ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ይህ አንድ ግድብ ብቻውን የቆቃን መቶ እጥፍ ያልፋል።

እንግዲህ የእንግዳችን ጥያቄ እዚህ ላይ ይበረታል። አገር ይህን ያህል ኃይል እያላት አንድ ክፍል ስለ ምን ጨለመ? መልሱ ይህ ነው፤ የወንዙ ኃይል ምንም ቢበዛ፣ በትምህርት ቤታችን ደጃፍ ሲደርስ የሚያልፈው በ1958 ዓ. ም. በተዘረጋው ሽቦና በዚያው ዘመን በተሰቀለው ሣጥን በኩል ነው። ትልቅ ጋን በጠባብ አንገት ከሚቀዳው በላይ አይቀዳም።

ሣጥኑ ሲከፈት

ኮምፒውተሮቹ በመጡ ጊዜ የሁላችንም አሳብ አንድ ነበር። ምድር ቤቱ ባዶ ነው፤ ሣጥኑም በደረጃው ግርጌ በክፍሉ አፋፍ ላይ ነው፤ አንድ ሽቦ መሳብ ብቻ ይበቃል አልን። ለሙከራ ያህል ከደረጃው ሶኬት በማራዘሚያ ገመድ 6 ኮምፒውተሮች አበራን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ስለ መጣ የፊዚክስ መምህራችን ሁሉንም አስጠፉና ባለሙያ እንዲጠራ አሳሰቡ።

የመጡት ሰው በኤሌክትሪክ ሥራ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ አረጋዊ ናቸው፤ ስማቸው በመጽሔት እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ እኛ እንደምንጠራቸው አባባ እላቸዋለሁ። አባባ ዋናውን አጥፍተው ሣጥኑን ሲከፍቱ የእጅ ባትሪውን የያዝሁላቸው እኔ ነበርሁ።

በክዳኑ ውስጥ በኩል ዕድሜ ያገረጣው ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በብዕር የተጻፈው ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል። ከ1ኛ እስከ 4ኛው መስመር የመማሪያ ክፍሎች፤ 5ኛው ቤተ መጻሕፍትና ቢሮ፤ 6ኛው «ምድር ቤት፣ ዕቃ ማስቀመጫ፣ 2 አምፑል»። አባባ ጣታቸውን በመጨረሻው መስመር ላይ አድርገው «ይኸውላችሁ፣ ልጆቼ፤ እናንተ 20 ኮምፒውተር የምትጭኑበት መስመር ይህ ነው። ለሁለት አምፑል የተሰጠ መስመር ነው» አሉን።

ቀጥለው ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጡ። ከ6ቱ በ4ቱ ውስጥ የፊውዝ ሽቦ አልነበረም፤ በስፍራው የተጠመዘዘ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ገብቶባቸዋል። አባባ አንዱን በባትሪው ብርሃን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ተመለከቱና ምንም ሳይናገሩ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ከሣጥኑ የሚወጣውን ሽቦ ቢነኩት የጎማ ልባሱ እንደ ደረቀ ልጥ ተሰንጥቆ በእጃቸው ላይ ረገፈ።

ከነዚያ አራት የመዳብ ሽቦዎች አንዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ይህ የሆነው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ለፈተና ማታ ስናጠና በቤተ መጻሕፍቱ መብራት ጠፋ። ወርጄ ሣጥኑን ከፍቼ የቀለጠውን ፊውዝ አወጣሁ፤ ከወዳደቀ ገመድ ላይ የመዳብ ክሮች መዝዤ ጠመዘዝሁና አስገባሁ። መብራቱ በራ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም «ኢንጂነሩ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ፊውዙ ስለ ምን ቀለጠ ብሎ የጠየቀኝ ማንም የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። በላይ በመምህራን ክፍል የሻይ ማፍያ መተከሉን፣ በቢሮም የወረቀት ማባዣ መኪና መግባቱን አላሰብሁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ጭነቱን ትቼ ፊውዙን ወቀስሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓደኞቼ ከላይ ሲያነቡ፣ ከታች የሚጠብቃቸውን ዘበኛ ያባረርሁባቸው እኔ ነበርሁ።

በዚያ ቀን ባትሪውን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አልተናገርሁም። አሜሪካኖቹ ስለ ሸጎጡት ሳንቲም ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ባነበብሁም ጊዜ ልስቅባቸው አልቻልሁም።

ሒሳቡ

ርእሰ መምህራችን ወርደው ነገሩን ሲሰሙ በጣም ተጨነቁ። «አባባ፣ በዓሉ 12 ቀን ብቻ ነው የቀረው። ለጊዜው የሚሆን አንድ ነገር ሊያደርጉልን አይችሉምን?» ሲሉ ለመኗቸው። አባባም «ጌታዬ፣ ለጊዜው ተብሎ የተደረገውን ነው አሁን ከሣጥኑ ውስጥ የማወጣው» ብለው መለሱ። ከዚያም በጥቁር ሰሌዳ ላይ አብረን እንድንቈጥር አዘዙን።

በመጀመሪያ የድሮውን ቈጠርን። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት 8 የመማሪያ ክፍሎች ነበሩት፤ በየክፍሉ 4 አምፑል፣ እያንዳንዱ 60 ዋት፤ ይህ 1,920 ዋት ነው። በቤተ መጻሕፍቱ፣ በቢሮውና በመተላለፊያው 20 አምፑሎች ተጨምረው 1,200 ዋት፤ ጠቅላላው 3,120 ዋት። በአገራችን 220 ቮልት ሲካፈል 14 አምፔር ያህል ይሆናል። ዋናው ፊውዝ ግን 40 አምፔር ነው። እንግዲህ መሥራቾቹ መስመሩን ከሚያስፈልጋቸው ከእጥፍ በላይ እንዲሸከም አድርገው ትርፍ ትተው ነበር። እነርሱ አርቀው አስበዋል፤ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም።

ቀጥለን የዛሬውን ቈጠርን። ለመብራት 1,200 ዋት፤ በቢሮ ያሉት 5 ኮምፒውተሮች 750፤ የወረቀት ማባዣው 1,500፤ የመምህራን ክፍል ውሃ ማፍያ 2,000፤ የሻይ ቤቱ ምድጃ 2,000፤ ድምሩ 7,450 ዋት፣ ማለት ወደ 34 አምፔር። መሥራቾቹ ያወረሱንን ትርፍ በ60 ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት በልተን ጨርሰነዋል። ማንም «ዛሬ ይህን ያህል በላሁ» ብሎ በወረቀቱ ላይ አልጻፈም፤ ስለዚህ ማለቁን ያወቀ የለም።

በመጨረሻ የምድር ቤቱን ጨመርን። 20 ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው 150 ዋት፣ ይህ 3,000 ነው፤ ማተሚያው 500፤ መብራቱ 200፤ ድምር 3,700 ዋት፣ ወደ 17 አምፔር። ከዛሬው ጋር ሲደመር ወደ 51 አምፔር ይደርሳል። ዋናው መስመር የተሠራው ለ40 ነው። ለምድር ቤቱ የተሰጠው 6ኛው መስመር ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ሲሆን ልኩ 10 አምፔር ነው። በ10 ላይ 17 ብንጭን፣ በጁል ሕግ መሠረት ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ያውም ልባሱ በረገፈ ሽቦ ላይ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ከእኛ አንዱ «በፊውዙ ፈንታ ትልቅ ብሬከር ቢገባበትስ?» ብሎ ጠየቀ። አባባም «ብሬከር ሽቦን አያወፍርም፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ስለዚህ ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ልክ እንጂ በእኛ ፍላጎት ልክ አይደለም» አሉ። ይህን ቃል በደብተሬ ጻፍሁት።

ርእሰ መምህራችን ሒሳቡን ጨርሰው ከተመለከቱ በኋላ ክፍሉ ተቈልፎ እንዲቆይ፣ ለበዓሉ ድንኳንና ሙዚቃ ከተመደበው ገንዘብም ተቀንሶ ለዋናው መስመር እንዲውል ወሰኑ። ብዙዎቻችን በዚህ አዘንን። እንግዶቻችን የተቈለፈ በር ያገኙበት ምክንያት ይህ ነው።

የተሠራው ሥራ

ሥራው የተጀመረው ከምድር ቤቱ አይደለም፤ ከመንገዱ ነው። በመጀመሪያ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከቻ ቀርቦ የትምህርት ቤቱ መስመር ባለ ሦስት ፌዝ እንዲሆን ተደረገ። በዚህም ቀድሞ አንድ መስመር ብቻውን ይሸከመው የነበረው ጭነት ለሦስት ተከፈለ። ከቆጣሪው እስከ ሕንፃው ያለው ገመድ በወፍራም ገመድ ተተካ። በአሮጌው ሣጥን ስፍራ አዲስ የብሬከር ሣጥን ተሰቀለ፤ ልባሳቸው የረገፈው ሽቦዎች ሁሉ ተመዝዘው ወጡ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ምድር ቤቱ የተገባው። ከዋናው ሣጥን በ32 አምፔር ብሬከር በኩል 10 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ገመድ ለብቻው ተስቦ፣ በክፍሉ ውስጥ የራሱ የሆነ ትንሽ ሣጥን ተሠራለት። ከትንሹ ሣጥን ለሶኬቶች ሦስት መስመሮች በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር፣ ለመብራት አንድ መስመር በ1.5 ሽቦና በ10 አምፔር ብሬከር ወጡ። ኮምፒውተሮቹ 7፣ 7ና 6 ሆነው በሦስቱ መስመሮች ተከፋፈሉ። ክፍሉ የሚወስደው 17 አምፔር ነው፤ የተሰጠው 32 ነው። የቀረው ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ነው።

ምድር ቤት እርጥበት ስለማያጣው አባባ ሌላም ጥበቃ ጨመሩ። እ. ኤ. አ. በ1961 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል፣ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኮረንቲ እያመዛዘነ ጥቂት እንኳ ወደ ሌላ ሲፈስ ፈጥኖ የሚያቋርጥ መሣሪያ ሠርተው ነበር። ፊውዝና ብሬከር ሽቦን ከእሳት ያድናሉ፤ ይህ መሣሪያ ግን ሰውን ከኮረንቲ ያድናል። በክፍላችን የተተከለው 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ የሚያቋርጥ ነው። ከእርሱም ጋር ቀድሞ ያልነበረው የመሬት ሽቦ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ተሳበ።

ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል ወደ አባባ ሄጄ የመዳብ ሽቦውን ያስገባሁት እኔ መሆኔን ነገርኋቸው። ግድግዳውን መብሳታቸውን አቁመው ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። «ለርእሰ መምህሩ ነግረሃል?» አሉኝ። አልነገርሁም አልኋቸው። «እንግዲያስ ሂድና ንገር። ስትመለስ ወረቀትና ብዕር ይዘህ ና፤ የአዲሱን ሣጥን ዝርዝር የምትጽፈው አንተ ነህ» አሉ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ርእሰ መምህራችንም ከተግሣጽ ጋር ይህን ታሪክ በመጽሔቱ እንድጽፈው ፈቀዱልኝ።

ከበዓሉ በኋላ በ5ኛው ሳምንት ክፍሉ ተከፈተ። 20ዎቹም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ በሩ፤ በላይም ሻይ ማፍያው፣ ማባዣውና መብራቱ ሁሉ እንዲሠሩ ተደረገ። አባባ ለአንድ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ መዳፋቸውን በገመዱ ላይ አኑረው «ቀዝቃዛ ነው» አሉ፤ ዕቃቸውንም ሰብስበው ሄዱ። ከዚያ ማታ ጀምሮ በቤታቸው መብራትና ስፍራ የሌላቸው ተማሪዎች እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ በዚያ ያጠናሉ።

መደምደሚያ

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አሮጌ ነገር መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም የሚያንሰው፤ የተሠራው ለሌላ ዘመን ፍላጎት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ላይ አዲስ ነገር ለመጨመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ሊያውቅ ይገባዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ምን ያህል እንዲሸከም አድርገው እንደ ሠሩት፣ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ምን ያህል እንደ ጫኑበት። ይህን ሳያውቁ መጨመር ጭነቱን ማየት በማይቻልበት በግድግዳ ውስጥ መደበቅ ነው።

አሮጌው የፊውዝ ሣጥን አልተጣለም። በክዳኑ ላይ ካለው ወረቀት ጋር በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተቀምጧል፤ ከአጠገቡም አራቱ የመዳብ ሽቦዎች በብርጭቆ ሥር ይታያሉ። ከግራ ሁለተኛው የእኔ ነው።

በአዲሱ ሣጥን ክዳን ውስጥ በእጄ የጻፍሁት ዝርዝር ተለጥፏል። ከሥሩ ብዙ ባዶ መስመር ትቼበታለሁ። ታናናሾቻችን ሆይ፣ እናንተም ነገ አንድ ዕቃ ስትተክሉ፣ ምን እንደ ጨመራችሁና ምን ያህል እንደሚወስድ ከነቀኑ በዚያ ላይ ጻፉ። ፊውዝ ቢቀልጥ ወይም ብሬከር ቢጠፋባችሁም፣ ስለ ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቁ አትመልሱት።

ቅር ብሏቸው ለተመለሱት እንግዶቻችንም ይህ ጽሑፍ እንዲደርሳቸው እለምናለሁ። በሩ ዛሬ ክፍት ነው።